የእትዬ ፍቅር ዶሮዎች

ኢንስፔክተር ማንአለሽ አስከሬኑ ካለበት ቤት ከመግባቷ በፊት የሟቿ ውሻ ከበር ላይ ተቀብሎ የሱሪዋን ጫፍ ቀደደው። ቡናማ፣ ጠብደል፣ ሰንሰለት አንገቱን ነክቶት የማያውቅ ውሻ ነበር። ኮንስታብሉ በድንጋይ ሲያባርረው በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ጎረቤት ግቢ ገባ፤ ከዚያ ግቢ የሴት ስድብ ተሰማ፤ ወዲያው በሌላ ቀዳዳ ወጥቶ ሦስተኛ ግቢ ገባ፤ ከዚያም የሽማግሌ እርግማን ተከተለው። ማንአለሽ ከሰው ቀድማ ውሻውን ማየቷን ወደደችው። በዚህ ሰፈር ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ጥያቄ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

እትዬ ፍቅር ከመደቡ ሥር በጎኗ ወድቃለች። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ በንፋስ መውጫ ከተማ ዳርቻ ሰባት ዶሮና አንድ ውሻ በየሰው ግቢ ለቃ የምትኖር ሴት ነበረች። ምድጃው ላይ በግማሽ የጎደለ የዶሮ ወጥ ድስት ተቀምጧል። ትናንት ሐሙስ የአስተርዮ ማርያም በዓል ነበር፤ ዛሬ ዓርብ ጾም ስለሆነ ድስቱን የነካው የለም። ሬሳዋን ያገኘችው የግራ ጎረቤቷ መምህርት ኢየሩሳሌም ናት። የመጣችውም እንዴት አደርሽ ልትል አልነበረም፤ ዶሮዎቹ የጎመን መደቧን ስለጫሩባት ልትጣላ ነበር።

ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም ድስቱን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ።

«የአይጥ መርዝ ነው። እኔ አልጠራጠርም፤ ግን ናሙናው ባሕር ዳር ደርሶ እስኪመለስ በወረቀት አልሰጥሽም። ሳምንታት ይፈጃል።»

«ሳምንታት የለኝም» አለች ማንአለሽ። «ገዳዩ እኔ ነኝ የሚል ሰው ጣቢያ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።»

እውነቷን ነበር። ከእትዬ ፍቅር ግቢ በስተጀርባ የሚኖረው ጁነይዲ የሞቷን ወሬ እንደሰማ ሱቁን ዘግቶ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጥቷል። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ በርበሬና እህል፣ ጨውና ሳሙና የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ተወልዶ ያደገውም እዚሁ ነው። ማንአለሽ ስትገባ ከወንበሩ ሳይነሣ ተናገረ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ከሥሩ ንገረኝ።»

«ስንዴ አስጥቼ ነበር። ዶሮዎቿ በየቀኑ ይወሩኛል። ውሻዋ ደግሞ ስጡ ላይ ይተኛል። እኔ ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ የማጥብ ሰው ነኝ፤ ስንዴ እንዴት አድርጌ ልጠብ? ለመንኳት፣ ሽማግሌ ላክሁባት። ‹ዶሮ አጥር አያውቅም› ነው መልሷ። ሐሙስ ጠዋት ንዴቴ አሸነፈኝና እፍኝ ስንዴ በአይጥ መርዝ ለውሼ አጥሩ ሥር በተንኩት። ሁለት ዶሮ እዚያው ሞተ። ሦስተኛዋም በልታ ኖሯል። ስትንገዳገድ አይታ፣ ነፍሷ ሳይወጣ ቢላ ይድረስላት ብላ አሳርዳ በላቻት። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ነው የሚለው። እኔም ሌላ የምለው የለኝም።»

ነገሩ ያስኬዳል። ቢላ ሳይነካው የሞተ ዶሮ በክት ነው፣ ይጣላል፤ ሊሞት ሲል የደረሱበት ግን ከታረደ ይበላል። ለበዓል ዶሮ አርዶ መብላት የሚፈልግ ሰው ሁለት ሞቶበት ሦስተኛው ሲንገዳገድ ቢያይ ሌላ ምን ያደርጋል?

«ማን አረደላት?» አለች ማንአለሽ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። የእኔን ቢላ እንደሆነ አትበላ።» ጁነይዲ መዳፎቹን አየ። «ዶሮ ነው ልገድል ያሰብኩት። ወላሂ፣ ዶሮ ነው። ግን ሰው በእጄ ሞቷል፤ ከዚህ በኋላ እጄን ታጥቤ ለሶላት መቆሜ ምን ዋጋ አለው?»

የጣቢያው አዛዥ ውሳኔውን አስታውቋል፤ ቅዳሜ ከቀብር መልስ መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ይላክ ብሏል። በጁነይዲ ሱቅ ደጃፍ የሚሰበሰበው ሰው ከሰዓት ሰዓት እየበዛ ነው፤ አንዱም የሱቁን ቆርቆሮ በድንጋይ መትቶታል። ማንአለሽ አንድ ቀን ብቻ ነበራት። ይህ ሰው በራሱ ላይ የፈረደው ፍርድ ትክክል መሆኑን ወይም አለመሆኑን በዚያ አንድ ቀን ማወቅ አለባት።

ተመልሳ የሟቿን ግቢ ዞረችው። በጓሮ በኩል በፈላ ውሃ የተነጨ ላባ ተከምሯል፤ አጠገቡ የዶሮዋ ጭንቅላት ወድቋል፤ በስለታም ቢላ፣ በማያመነታ እጅ የተቆረጠ ነው። ደሙ በአንድ ቦታ በአፈር ተሸፍኗል። ተደናግጦ የሮጠ ሰው ሥራ አይመስልም። ማዕድ ቤት ገባች። መደርደሪያው ላይ ሰማያዊ ሆነው ዙሪያቸውን ቢጫ አበባ የተሳለባቸው ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል። እንዲህ ያለው ሳህን ስድስት ስድስት ሆኖ ነው የሚሸጠው፤ እዚህ ያሉት አምስት ናቸው። የስድስተኛው ቦታ ባዶውን ነው፤ አቧራም የለበትም።

መጀመሪያ የሄደችው የሟቿ የቀኝ ጎረቤት መሪጌታ ገብረ ማርያም ዘንድ ነው። መሪጌታ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው ያደጉ፣ አሁን ብራና ፍቀው የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሯል፤ መካከሉ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«ስለ ሟቿ ልጠይቅዎ ነበር፣ መሪጌታ።»

«ነፍስ ይማር። ስለ ውሻዋ ግን ነፍስ ይማር አልልም፤ አልሞተማ። ይህን ቆዳ አየሽው፣ ልጄ? ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ቦጫጭቆ በልቶብኛል። ስነግራት ምን አለችኝ? ‹ቆዳ እያሸተተ እንዴት ይለፍ፣ ውሻ አይደለም ወይ!› ከመስከረም ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።»

«ደሙስ?»

«ሐሙስ ነዋ! ማኅሌት ቆመን አድረን፣ ቅዳሴው አልቆ፣ ከደብሩ ካህናት ጋር ወደ ቤቴ እንመጣለን። ሰባት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ርኩስ የዶሮ ሆድ ዕቃ እንዳለ ጎትቶ አምጥቶ ብራናዬ ላይ አስቀምጦ ይበላል። አንጀቱን፣ ጨጓራውን፣ አንድም አላስቀረ። ሲጨርስ አፉን በቆዳዬ ጠረገ። አምስት ካህን አይቶታል፤ ጠይቂያቸው።»

«አምስቱም እስከዚያ ሰዓት አብረውዎት ነበሩ?»

«ከሌሊት ጀምሮ።»

ማንአለሽ ካህናቱን ጠየቀች። ሁሉም ውሻውን አይተውታል፤ ሁሉም ረግመውታል።

መምህርት ኢየሩሳሌም ገና ወጣት ናት፤ ወደ ሰፈሩ ከመጣች አምስት ወሯ ነው፤ አምስቱንም ወር ከዶሮ ጋር ስትጣላ ኖራለች። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል፤ እሷ የአጥር ሽቦ ሁለት ጊዜ ገዝታለች።

«ማዘን ነበረብኝ፣ ኢንስፔክተር፤ አላዘንኩም። ቤቴን ዘግቼ ስወጣ እንኳ ዶሮዋ አልጋዬ ላይ እንቁላል ጥላ ትጠብቀኛለች። ዶሮዋን ስመልስላት ደግሞ እንቁላሉስ ትላለች።»

«ሐሙስ ጠዋት ጠብ ነበር አሉ።»

«ሁለቱን ዶሮ በእግራቸው አንጠልጥላ መንገድ ላይ ወጥታ ጁነይዲን ሰደበችው። አባቱን፣ ዘሩን፣ ምንም አላስቀረችም። ኋላ እሱም አልቻለም። ‹በሰኔ የሞተ ውሻሽን ጎሕ ሳይቀድ ስትቀብሪ አይቼ ዝም ያልኩሽ ሰው ነኝ፤ ዛሬ በሁለት ዶሮ ታዋርጂኛለሽ?› አላት። ያን ጊዜ ወዲያው ዝም አለች። ስትሸነፍ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።»

ማንአለሽ እስክሪብቶዋን አቆመች። «የምን ውሻ ነው የቀበረችው?»

«እኔ እንጃ። ውሻዋ እኮ ይኸው አለ፤ ትናንትናም የኔን ጫማ ይዞ ሄዷል።»

«ይህን ሲል ማን ማን ነበር?»

«ብዙው ሰው ቤተ ክርስቲያን ነበር። እኔ ነበርኩ፤ አናጢው የሻውም ጋቢውን ለብሶ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ዘርፌ ግን ቅዳሴ ሄዳ ነበር።»

የሻውን ማንአለሽ ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት በነሐሴ አንዲት ልጁ ሳሮን በእብድ ውሻ በሽታ ሞታበት፣ የነከሳት የእትዬ ፍቅር ውሻ ነው ብሎ ጣቢያ ከስሶ ነበር። እትዬ ፍቅርም ውሻዋን በገመድ ስባ አምጥታ ለሽማግሌዎች አሳየች፤ ውሻው ጤነኛ ነበር። ያበደ ውሻ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይቆይም። እንግዲህ የነከሳት ባለቤት የሌለው ውሻ ነው ተባለ፤ ታረቁ ተባሉ።

የሻው ግቢው ውስጥ በር ይልግ ነበር። ዘርፌ ልቅሶ ቤት እንጀራ ለማቅረብ ሄዳለች።

«ይቅር ብያታለሁ» አለ መላጉን ሳያቆም። «ከታረቅን ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ የማርድላት እኔ ነበርኩ። ወንድ የላትም፤ ማን ያርድላት?»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ አልጠራችኝም። ዶሮዋ ስትንገዳገድባት ደንግጣ መንገደኛ ጠርታ አሳርዳ ይሆናል።»

«ጠዋት የነበረውን ጠብ ሰምተሃል?»

«ቅዳሴ ነበርኩ።»

ማንአለሽ መልሱን ጻፈችው፤ ከኢየሩሳሌም ቃል ጋር እንደማይገጥም ግን አልነገረችውም። ውሃ ለመነችው። ሊቀዳላት ሲገባ በተከፈተው በር ማዕድ ቤቱን አየች። ከታጠቡት ዕቃዎች መሀል፣ ዙሪያዋን ቢጫ አበባ ያላት ሰማያዊ ሳህን በአፏ ተደፍታ ተቀምጣለች። ውሃውን ጠጥታ፣ አመስግና ወጣች።

ወደ ጣቢያ ተመልሳ ጁነይዲን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ውሻው የት እንደተቀበረ። በማግስቱ ጠዋት ኮንስታብሉ ከእትዬ ፍቅር ሽንት ቤት ጀርባ ቆፍሮ በጆንያ የተጠቀለለ የውሻ አጥንት አወጣ።

ቅዳሜ ከቀብር መልስ ማንአለሽ ጎረቤቶቹን ሁሉ በልቅሶው ድንኳን ውስጥ አስቀመጠች። መሪጌታ ከፊት ተቀመጡ። ኢየሩሳሌም ከዳር ቆመች። የሻውና ዘርፌ ጎን ለጎን ናቸው። ጁነይዲ በካቴና እንደታሰረ ከኮንስታብሉ ጋር ሲገባ ድንኳኑ አጉረመረመ፤ አንዲት ሴት ጀርባዋን አዞረችበት። ውሻው በአግዳሚዎቹ ሥር ፍርፋሪ እየለቀመ ይሽሎከሎካል።

«ይህን ውሻ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» አለች ማንአለሽ። «ያልነከሰው ሰው ቢኖር እጁን ያውጣ። ሐሙስ በሰባት ሰዓት የታረደችውን ዶሮ ሆድ ዕቃ ሙልጭ አድርጎ ሲበላ መሪጌታና አምስት ካህናት አይተውታል። ዶሮዋ የጁነይዲን ስንዴ በልታ ቢሆን ኖሮ መርዙ የሚገኘው የት ነው?»

«ሆዷ ውስጥ ነዋ» አሉ መሪጌታ።

«ሆድ ዕቃውን የበላው ውሻ በሦስተኛው ቀን ይኸው በእግራችሁ ሥር ያልፋል። እንግዲህ ዶሮዋ ደኅና ነበረች፣ ደኅና እያለች ታረደች። መርዙ የተጨመረው ወጡ ከተሠራ በኋላ ድስቱ ውስጥ ነው። ጁነይዲ ሁለት ዶሮ ገድሏል፤ ሰው ግን አልገደለም። ከዚያ ስድብ በኋላ ወደ ድስቷ የምታስጠጋው ሰው አልነበረም።»

ጁነይዲ ቀና አለ።

«ታዲያ ማን ነው? ዶሮዋን ያረደው ነው። እዚህ አገር ሴት አታርድም፤ ወንድ ገብቷል። መሪጌታ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። መንገደኛ ነው እንዳንል፣ አራጁ ጓሮውን ያውቀዋል፤ አርዶ፣ ደሙን አልብሶ ነው የሄደው። ለማርያም በዓል ዶሮ አርዶላት ሳይቀምስ የሄደ ሰው አለ። ለምን አልቀመሰም?» ዘወር አለች። «ዘርፌ፣ እቤትሽ የተደፋችው ሰማያዊ ሳህን የማን ናት?»

ዘርፌ ድንገት ስሟ በመጠራቱ ግራ ገባት። «የእሷው ናት፤ የእትዬ ፍቅር። የበዓሉ ዕለት ወደ ማታ ራሷ ወጥ ጨልፋባት ይዛት መጣች። ‹የሻው አርዶልኝ፣ ወጡም ሲደርስ ብቅ ብሎ ነበር፤ ዶሮዎቹን አስገብቼ ስመለስ ሳይቀምስ ሄዷል፤ ድርሻው ነው› አለችኝ።»

የሻው አንገቱን ደፋ።

«ምን አደረጋችሁት?»

«እሱ ሽንት ቤት ደፋው። ከዚያ ቤት የመጣ አይዋጥልኝም አለ። እኔም አልፈረድኩበትም፤ ለእኔም ሲውጡት የሚያንቅ ነገር ነው።»

«ሳህኗንስ ለምን አልመለስሽላትም?»

«የሰው ሳህን ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ቂጣ ጋግሬ ላስገባበት ብዬ አጥቤ...» ዘርፌ ቃሉን አልጨረሰችውም። ባሏን አየችው። ከአግዳሚው ላይ በዝግታ ተነሥታ አንድ እርምጃ ራቀችው።

«የሻው ወጡን ለማጥፋት አሰበ» አለች ማንአለሽ። «ሳህን ግን የሴት ጉዳይ ነው፤ እሱ አይቶትም አያውቅ። ሐሙስ አላረድኩም አለኝ፤ ሳህኗ አርዷል ትላለች። ጠቡን አልሰማሁም አለኝ፤ ኢየሩሳሌም ደጁ ላይ ቆሞ አይታዋለች። የሰማው ደግሞ እኛ ሁላችን እንደ ተራ ስድብ ያለፍነውን ቃል ነው። ጁነይዲ፣ በሰኔ እትዬ ፍቅር የቀበረችው ውሻ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቡናማ» አለ ጁነይዲ። «ይህንኑ የሚመስል። በማግስቱ ሌላ ከገጠር አስመጣች፤ በዚያው ስም ጠራችው።»

የሻው ሲናገር ድምፁ ከፍ አላለም።

«ልጄን ነክሷት ስሄድ፣ ‹ይኸው ደኅና ነው፣ ከፈራህ አሥር ቀን እየመጣህ እየው› አለችኝ። እውነት መሰለኝ። ያበደ እንደሆነ አሥር ቀን አይቆይም ሲሉ ሰምቻለሁ። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስሄድ በአጥሩ አየው ነበር። አንድ ሁለት ቀን ታሟል ብላ ቤት ዘጋችበት፤ ከዚያ ወጥቶ ሲበላ አየሁት። አሥር ቀን ቆጠርኩ። ሌላ ውሻ ነው የቆጠርኩት። ልጄን ሐኪም ቤት ሳልወስድ፣ ደጄ እያስቀመጥኩ፣ ሌላ ውሻ ቆጠርኩ። ከሞተች በኋላ ደግሞ የሰው ስም አጥፍተሃል ተብዬ በሽማግሌ ፊት የዚያችን ሴት ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።» በአገጩ ወደ ጁነይዲ ጠቆመ። «እሱ ያውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁት አላየሁም ያለው እሱ ነው። ሐሙስ፣ ለሁለት ዶሮ ሲል አወጣው። ለልጄ ያላወጣውን ለዶሮ አወጣው። መርዝ መበተኑን ሳይ ለሁለቱም አንድ ድስት ይበቃቸዋል፤ እሷ ትሞታለች፣ እሱ ይጠየቅበታል አልኩ።»

እጁን ራሱ ለኮንስታብሉ ዘረጋ። ካቴናው ከጁነይዲ እጅ ተፈትቶ ለእሱ ገባ። ሲያልፍ ማንም አልነካውም፤ ማንም አልሰደበውም። ማንአለሽ ከአሥር ዓመት በላይ ሰው አስራለች፤ በዚያ ቀን ግን ትክክል በመሆኗ ደስ አላላትም።

«ሂድ፣ ነፃ ነህ» አለችው ጁነይዲን።

ጁነይዲ አልተነሣም። ዘርፌ መጥታ ከፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም።

«የቀበረችው መቼ ነበር?»

«ዘርፌ፣ ጠብ እንዳይነሣ ብዬ ነው። ጎረቤት ነን፣ ዝም ልበል ብዬ...»

«ቀኑን ነው የጠየቅሁህ።»

«ማክሰኞ። በነከሳት በአራተኛው ቀን።»

«ሐኪሙ በሳምንቱ ብታመጧት እንኳ መርፌው ያድናት ነበር ብሎኛል» አለች ዘርፌ። «ማክሰኞ ልጄ ደኅና ነበረች። ጠዋት ለጨው ልኬያት ሱቅህ መጥታ ነበር።»

ጁነይዲ የተፈታውን እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«አዎ» አለ። «እኔው ነኝ የሸጥኩላት።»